በቀን ስንት ጊዜ ነው ሐረጌን የምጽፈው?

ይህን ጥያቄ መድረካችን ላይ የጣልኩት እኔው ነኝ። አብዛኞቻችን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልዲያ ነን። ወሎን ለቀው አዲስ አበባ የገቡም አሉበት። ክሩ 24 መልስ ደርሷል። አሁን የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ ይሰለቸውና ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ልተርከው። ትእዛዞቹን በእኛ ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትገቡ በላቲን መሆናቸውን አትርሱ።

የመክፈቻ ጽሑፍ፦ ጠዋት ነው የጻፍኩት። የደሴው ተራራ ጦሳ ጉም ለብሷል። ፒያሳ አካባቢ የተከራየኋት ክፍል ፀሐይ የሚደርሳት ከአራት ሰዓት በኋላ ነው፤ ጣቴ ደንዝዟል። ጊትን (የኮድ ለውጥ የሚመዘግበውን ፕሮግራም) የምጠቀመው በኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ጋር በምስጢር በሚያገናኘው መንገድ) ነው። ፑሽ ስል፣ ማለትም ኮዴን ወደ ሰርቨር ስልክ፣ ማንነቴን የሚያረጋግጠውን የቁልፍ ፋይሌን የይለፍ ሐረግ ይጠይቀኛል። ፑል ስል፣ ማለትም ከዚያ ሳመጣ፣ ይጠይቀኛል። ሐረጌ ደግሞ ረጅም ነው። ከእናቴ አፍ የማይጠፋ ተረት ነው፤ በላቲን ፊደል ከነክፍተቱ 31 ሆሄ። ስጽፈው ስክሪኑ ላይ ኮከብ እንኳ አይታይም። በተለይ ቀ ታስቸግረኛለች። ሦስት ቦታ አለች፤ በኬ ነው የጻፍኳት፣ እጄ ግን በኪው መጻፍ ይወዳል። አንድ ቦታ ከሳትኩ እንደገና ከሀ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። እንዳይጠይቀኝ ምን ላድርግ? ሐረጉን ጨርሼ ባጠፋውስ?

መልስ 1፦ ወዲያው መጣ። አጥፋው ነው ያለኝ። ቁልፍ የሚሠራውንና ሐረጉን የሚቀይረውን ኤስኤስኤች-ኪይጄንን በሰረዝ ፒ ጠርቼ የድሮውን ሐረግ እንድሰጥ፣ አዲሱን ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ ኢንተር እንድመታ ነገረኝ። እውነት ለመናገር ይሠራል። አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ልሞክረው ተርሚናሉን ከፍቼ ነበር።

መልስ 2፦ የእሱም ችግር ይኸው እንደሆነ ጽፎ ሄደ። አልተመለሰም።

መልስ 3፦ ይኼኛው ተቆጥቶ ነው የመጣው። ሐረግ የሌለው የግል ቁልፍ ተራ ፋይል መሆኑን አስረዳ። ፋይሉን በፍላሽ የገለበጠ ሁሉ አንተን ሆኖ ይገባል። አንተ ጋ የቀረው ቁልፍም ምንም አይጎድለውም፤ መሰረቁን እንኳ አታውቅም። እዚህ ድረስ ሸጋ ነው። ቀጥሎ ግን መልስ 1ን የጻፈው ሰው ምክር መስጠት ትቶ ሌላ ሥራ ቢፈልግ እንደሚሻለው ጨመረበት። ያቺ ባትኖር ጥሩ ነበር።

መልስ 4፦ ደርሶበት ያየ ሰው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ሐረጎን ሲወርዱ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ እግሩ ሥር ያስቀመጠው ቦርሳ የለም። ላፕቶፑም፣ ቁልፉም፣ ቻርጀሩም ሄዱ። ጓደኛው ቤት ደርሶ ከአካውንቱ ላይ የዚያን ቁልፍ ጥንድ፣ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠውን የአደባባይ ቁልፍ፣ እስኪሰርዝ ድረስ ሦስት ሰዓት አለፈ። ቁልፉ ሐረግ ስለነበረው በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ ሆዱ ብዙም አልባባም። ቻርጀሩ ነው እስካሁን የሚያናድደው፤ ገና የተገዛ ነበር።

መልስ 5፦ የመልስ 1 ሰውዬ ተመለሰ። ላፕቶፑ ከቤት እንደማይወጣና ቤቱ ውስጥ ከልጆቹ በቀር ሰው እንደሌለ ተናገረ። ማንም ገና ሳይመልስለት ራሱ ከሥሩ አስተካከለው፤ ለካ ትንሹ ልጅ ባለፈው ወር አንድ ፎልደር ሙሉ አጥፍቶበታል።

መልስ 6፦ እዚህ ላይ ጋሼ ገቡ። እኚህ ሰውዬ ለረጅም ዓመት ያስተማሩ ናቸው። መድረኩ ላይ ሁሉም አንቱ ይላቸዋል፤ ሲጽፉም ሰላምታቸው ብቻውን ሁለት መስመር ነው። በመጀመሪያ ያረሙት የእኔን አነጋገር ነበር። ጊት ሐረጉን አያውቀውም አሉ። የሚጠይቅህ ኤስኤስኤች ነው። ጊት በፈረንጆቹ 2005 ሊነስ ቶርቫልድስ ሲጀምረው ኤስኤስኤች አሥር ዓመት ሞልቶታል፤ በዚያ በር ዝም ብሎ ይገባል እንጂ የራሱ በር የለውም። ኤስኤስኤችን ደግሞ በ1995 የጻፈው ታቱ ዩሎነን ነው፤ በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል የሚጠልፍ ሰው ከገባ በኋላ።

ሁለተኛው ነጥባቸው ለእኔ አዲስ ነበር። ሐረጉ ወደ ሰርቨር አይሄድም። ሥራው እዚሁ ማሽንህ ላይ የተቆለፈውን የቁልፍ ፋይል መክፈት ብቻ ነው። ስለዚህ በየጊዜው የሚጠየቀው የተከፈተውን ቁልፍ የሚይዝለት ስለሌለ ነው። የሚይዘው ኤስኤስኤች-ኤጀንት ነው፤ ጋሼ ወኪል ይሉታል። አንዴ ኤስኤስኤች-አድ ብለህ ሐረጉን ትሰጠዋለህ፤ የተከፈተውን ቁልፍ ሚሞሪ ላይ ይይዛል። ሰርቨሩ ማንነትህን ሲጠይቅ ወኪሉ ፈርሞ ይመልሳል።

ይህን በድግስ አመሳሰሉት። የሠርግ ጓዳ ቁልፍ አንዲት የታመነች ሴት ወገቧ ላይ ታስረዋለች። አሳላፊው እንጀራ ሲያልቅበት መጥቶ ይነግራታል። ገብታ ታወጣለታለች። ቁልፉን ግን አትሰጠውም፤ ሙሽራው ራሱ ቢመጣ አትሰጠውም። ወኪሉም ፊርማውን ይሰጣል እንጂ ቁልፉን አይሰጥም። እኔ ወኪል ምን እንደሆነ ብዙ ቦታ አንብቤ ነበር። የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

መልስ 1ንም አልናቁትም። ሌሊት ሰው ሳይኖር ራሱ የሚሠራ ስክሪፕት ካለህ ሐረግ የሌለው ቁልፍ ግድ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ያኔ ግን ለዚያ ሥራ ብቻ የተለየ ቁልፍ ይሠራለታል፤ ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይችል፣ አንድ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ብቻ የሚከፍት።

መልስ 7 የእኔ ነው። ያሉኝን አደረግኩ። ፑሽ አልኩ፤ አልጠየቀኝም። ጋሼን አመሰገንኩ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ አልኩ። መልስ 8ም የእኔ ነው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ። ሁለተኛ መስኮት ስከፍት እንደገና ጠየቀኝ። ምስጋናዬን ልመልስ ምንም አልቀረኝም።

መልስ 9፦ አጭርና ደረቅ። ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበውን፣ ባሽአርሲ የሚባለውን ፋይል ከፍቼ ኤጀንት የሚል ቃል ያለበትን መስመር እንዳመጣ አዘዘኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ከፈትኩት። አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ከሆነ ቦታ ገልብጬ የለጠፍኩት መስመር ነው። ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር አዲስ ወኪል አስነሣ ይላል። ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አስገባሁለት።

መልስ 10፦ ሌላ ሰው ስንት ወኪል እየሠራ እንደሆነ ቁጠር አለኝ። ቆጠርኩ። 17። ላፕቶፔን ክዳኑን እዘጋለሁ እንጂ አላጠፋውም። መስኮት ስዘጋ ደግሞ በዚያ መስመር የተነሣው ወኪል አይሞትም፤ እዚያው ይቀራል። 17 ባለጓዳ ቀጥሬ ኖሯል። ከአሥራ ሰባቱ ቁልፍ ወገቧ ላይ ያሰረችው አንዷ ብቻ ናት። አሥራ ስድስቱ ባዶ እጃቸውን ቆመዋል። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ መድረኩ ሳቅ ብቻ ሆነ። የሳቁትን በቁጥር አልያዝኳቸውም።

መልስ 11፦ የመልስ 9 ጸሐፊ ተመለሰች። አዎ፣ ተመለሰች። ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ አለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ወደ ሥራው ገባች። አፈርኩ። ደረቅ ያልኩትንም በልቤ አነሣሁ። ኤስኤስኤች ወኪሉን የሚያገኘው ኤስኤስኤች ኦት ሶክ በሚባል ተለዋዋጭ በኩል ነው። ያ ተለዋዋጭ የወኪሉን አድራሻ ይይዛል። የኔ መስመር በየመስኮቱ አዲስ ወኪል ሲያስነሣ አድራሻውንም ይቀይረዋል። ስለዚህ አዲሱ መስኮት የሚያውቀው ባዶዋን ባለጓዳ ነው። ዋናው ነገር አዲስ ማስነሣት ሳይሆን ያለውን ማግኘት ነው። ለሰርቨርና ዴስክቶፕ ለሌለው ሊኑክስ ኪይቼይን የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም መከረች። ስትገባ የቆየ ወኪል ካለ ፈልጎ ያገናኝሃል፤ ከሌለ ብቻ አንድ ያስነሣል።

መልስ 12፦ ነገሩን የጨረሰልኝ ይህ ነው። የምጠቀመው ኡቡንቱ ዴስክቶፕ መሆኑን ከጠየቀኝ በኋላ ምንም እንዳልጨምር፣ እንድቀንስ ነገረኝ። ዴስክቶፑ ስገባ አንድ ወኪል ራሱ ያስነሣል። የእኔ መስመር ደህናውን ወኪል እየሸፈነ ነው የኖረው። መስመሩን ሰርዤ ኤስኤስኤች ፎልደር ውስጥ ባለው ኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይል ላይ አድ ኪይስ ቱ ኤጀንት ብዬ የስ አልኩ። ከዚያ በኋላ ቁልፉ መጀመሪያ በተከፈተ ጊዜ ራሱ ወኪሉ ጋ ይገባል፤ ኤስኤስኤች-አድ ማለትም አያስፈልግም። ወጥቼ ገባሁ። አንድ ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለተኛ መስኮት ከፈትኩ፤ ዝም። ሦስተኛ ከፈትኩ፤ ዝም። አራተኛውን ለደስታዬ ነው የከፈትኩት።

ለእኔ ክሩ እዚህ ጋ አለቀ። ሌሎቹ ግን ገና አሁን ሞቃቸው።

መልስ 13 ኮምቦልቻ ቢሮ ውስጥ ዊንዶውስ የሚጠቀም ልጅ ነው። ዊንዶውስ ላይ ወኪሉ እንደ ሰርቪስ ተቀምጧል፤ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ሰርቪስ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ኦፕንኤስኤስኤች ኦተንቲኬሽን ኤጀንት የሚለውን አውቶማቲክ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን አድርጎም አንድ ሳምንት ተሠቃየ። ጊት ለዊንዶውስ የራሱን ኤስኤስኤች ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያኛው ደግሞ ከዊንዶውሱ ወኪል ጋር አይተዋወቅም። በጊት ኮንፊግ ኮር ኤስኤስኤች ኮማንድ የሚለውን ሲስተም 32 ውስጥ ወዳለው ኤስኤስኤች ሲያመለክተው ተፈታለት። መልስ 14 ማክ ያላቸው ኮንፊጉ ላይ ዩዝ ኪይቼይን ብለው የስ ቢጨምሩ ሐረጉን ማክ ራሱ እንደሚያስቀምጥላቸው በአንድ መስመር ተናግሮ ሄደ። ይህ ኪይቼይን መልስ 11 ላይ ካለው ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አንድ አይደለም።

መልስ 15፦ ሁሉንም አድርጌ አሁንም ይጠይቀኛል ብሎ አንድ ሰው ገባ። የሚጠይቀው ግን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው። መልስ 16 ላይ መልስ 3ን የጻፈው ቁጡ ሰው ማንበብ የማይችል ሰው ለምን ኮድ ይጽፋል ብሎ ተነሣበት። ይህን ሰውዬ ቡና አጠጡት የሚል አስተያየት ከየአቅጣጫው መጣ።

መልስ 17፦ ጋሼ አብረዱት። ለቁጡው አንዲት ቃል አልተናገሩትም፤ ያ ራሱ ከቁጣ ይበልጣል። ለመልስ 15 ሰው ጥያቄው ሌላ መሆኑን አሳዩት። ለቁልፍ ሐረግ አስገባ ካለህ ኤስኤስኤች ነው። የተጠቃሚ ስም ካለህ ኤችቲቲፒኤስ (ድረ ገጽ የሚከፈትበት መንገድ) ነው፤ እዚያ ላይ ወኪሉ ምንም ሥራ የለውም። ጊት ሪሞት በሰረዝ ቪ ብለህ አድራሻውን እይ አሉት። ጊትሀብ (የጊት ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ከሆነ ደግሞ ከኦገስት 13፣ 2021 ጀምሮ ለጊት ሥራ የአካውንት የይለፍ ቃል አይቀበልም፤ ብትሞት አትገባም። ወይ ቶክን (በይለፍ ቃል ፈንታ የሚሰጥ ረጅም ኮድ) አውጥተህ በክሬደንሻል ሄልፐር (የጊት ይለፍ ቃል ያዥ) ታስቀምጣለህ፣ ወይ ሴት-ዩአርኤል ብለህ አድራሻውን ወደ ኤስኤስኤች ትቀይራለህ። ልጁ ቀየረው። ተሳካለት። ጋሼን አባቴ ብሎ መረቃቸው።

መልስ 18፦ መብራት። ሳይመጣ ይቀራል ብዬ አልጠበቅኩም። አንዱ ዴስክቶፕ ነው ያለው። መብራት ሲሄድ ወኪሉም አብሮ ይሄዳል፤ ሚሞሪ ላይ ነዋ ያለው። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ሐረጉን ይጽፋል። መልስ 13 ላይ ያለው የኮምቦልቻ ልጅ የዊንዶውሱ ወኪል ቁልፉን ዲስክ ላይ ቆልፎ ስለሚያስቀምጥ ማሽኑ ጠፍቶ ቢነሣም እንደማይረሳ አስታወሰው። ከዚያ ወሬው ዩፒኤስ የት ይገዛል ወደሚለው ዞረ። ከዚያ ወደ ባትሪ። ከዚያ የማን ሰፈር ቶሎ ይበራል ወደሚለው። አንድ የቧንቧ ውሃ ልጅ ሰፈሩን ሲያሞግስ የሰኞ ገበያው አልቻለም። ይህን እዘለዋለሁ።

መልስ 19፦ ከወልዲያ ነው። የእሱ ችግር ሐረግ ሳይሆን ኔትወርክ ነው። ፑሽ ብሎ አቦል ይጠጣል፤ አንዳንዴ ቶና ይደገማል። እያንዳንዱ ፑሽ አዲስ ግንኙነት ከመጀመሪያው እንዳይከፍት ኮንፊጉ ላይ ኮንትሮል ማስተርን፣ ኮንትሮል ፓዝንና ኮንትሮል ፐርሲስትን አስገባ። የመጀመሪያው ግንኙነት ለአሥር ደቂቃ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከኋላ የሚመጡት በእሱ ያልፋሉ። ሐረግም በዚያ መሃል አይጠየቅም። አሥሩ ደቂቃ ካለፈ ግን ወኪል ከሌለ መጠየቁ አይቀርም። እኔ ከዚህ ክር ከወኪሉ ቀጥሎ የወሰድኩት ይህን ነው። በረካ ድረስ የሚያስጠጣ ፑሽ አሁን የለኝም።

መልስ 20፦ ፎርዋርድ ኤጀንትን ለሁሉም ሰርቨር የስ አድርጉት የሚል መጣ። ወኪላችሁ ሰርቨሩ ላይም ይከተላችኋል፤ እዚያ ሆናችሁም ጊት ትሠራላችሁ።

መልስ 21፦ ቁጡው ሰው። በዚህኛው ግን እውነቱን ነው። በዚያ ሰርቨር ላይ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) የሆነ ሰው እናንተ እዚያ እስካላችሁ ድረስ ወኪላችሁን ማዘዝ ይችላል። ቁልፉን አይወስድም፤ በስማችሁ ግን ያስፈርማል። በጋሼ ድግስ ብንሄድ ባለጓዳዋን የማታውቀው ሰው ቤት ልኮ እንጀራ አውጪ እንደማለት ነው። በሰርቨር አልፎ ወደ ሌላ ሰርቨር ለመግባት ፕሮክሲ ጃምፕ አለ፤ ወኪሉ ከቤቱ አይወጣም። ጋሼ አውራ ጣት ሰጡት። ቁጡው ሰው አመሰግናለሁ ብሎ ጻፈ። በዓይኔ ነው ያየሁት።

መልስ 22፦ የመልስ 9ና የመልስ 11 እህታችን ናት። የምትሠራው ብዙ ሰው በሚጋራው ማሽን ላይ ነው። የተከፈተ ወኪል ትቶ መሄድ በር ከፍቶ ከመሄድ አይለይም። ኤስኤስኤች-አድን በሰረዝ ቲ ከነሰከንዱ ትጠራዋለች፤ 3600 ብትል በሰዓቱ ቁልፉን ይጥለዋል። ስትወጣ ደግሞ በሰረዝ ትልቁ ዲ ሁሉንም ታራግፋለች።

ከዚያ ከታች ለእኔ አንድ መስመር ጨመረች። የውስጥ መልእክትህን እይ፣ ሐረግህንም ዛሬውኑ ቀይር።

ከፈትኩት። ሐረጌ ተጽፎ ተቀምጧል። ሙሉውን። ከነክፍተቱ።

አሁን ስለቀየርኩት ልናገረው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነበር። ተረት መሆኑን ራሴ ነግሬያለሁ። ቀ ሦስት ቦታ እንዳለች፣ በኬ እንደጻፍኳትም ነግሬያለሁ። 31 ሆሄ መሆኑንም ነግሬያለሁ። እሷ ያደረገችው የሚታወቁ ተረቶችን በላቲን ጽፋ መቁጠር ብቻ ነው። በእግሩን በአምስት ሆሄ አሳጥራ ስትጽፈው ልክ 31 መጣላት። በሦስተኛው ሙከራ ነው ያገኘችው። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም፤ ምናልባት ሌላ ተረት።

መልስ 23፦ ጋሼ አጽናኑኝ። አብሽር፣ የቁልፉ ፋይል እጇ ላይ ስለሌለ ሐረጉ ብቻውን አይከፍትም አሉ። ግን የሚታወቅ ተረት፣ ጥቅስ፣ የዘፈን ስንኝ ሐረግ እንዳይሆን መከሩ። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ስድስት ቃላት ይሻላሉ። ቁልፉን መቀየር አላስፈለገኝም። ያው መልስ 1 ላይ የነበረውን ኤስኤስኤች-ኪይጄንን በሰረዝ ፒ ጠርቼ ሐረጉን ብቻ ቀየርኩ። ሰርቨሩ ምንም አላወቀም። በዚህ ጊዜ ባዶ አልተውኩትም።

መልስ 24፦ የመልስ 1 ሰውዬ። አዲሱ ሐረግ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው መሆን አለበት ብሎ ገመተ። ዝም አልኩት። ሆሄውን ብቻ ንገረኝ አለ። ክሩን ዘጋሁት።